በክላሲክ ስፖርት መኪና ክዳን ላይ የሻንጣ መጫኛ መግጠም፦ ከምርጫ እስከ መጨረሻው ዳዶ

ሁለት ሰው ብቻ የምትይዝ አሮጌ ስፖርት መኪና ያለው ሰው ችግሩን ያውቀዋል። መኪናዋ ቆንጆ ናት፣ መንገዱ ረጅም ነው፣ ዕቃ ማስቀመጫዋ ግን ክሪክና ሁለት ጥንድ ጫማ ሲገባበት ሞልቶ ያርፋል። ከ1955 እስከ 1962 የተሠራችውን ኤምጂኤ ከኋላ ከፍታችሁ ብታዩ ትርፍ ጎማው እንደ ባለቤት ተንሰራፍቶ ታገኙታላችሁ። በ1958 የወጣችው የመጀመሪያዋ ኦስቲን-ሂሊ ስፕራይትማ ጭራሽ የኋላ ክዳን የላትም። ሻንጣ የሚገባው ወንበር አጥፎ፣ ጎንበስ ብሎ ነው።

መፍትሔው ድሮም የነበረ ነው፤ ከኋላ ክዳን ላይ የሚታሰር የሻንጣ መጫኛ። በጋራዥ አፍ ፖርቶመጋላ በሉት። ሥራው ከባድ አይደለም። ትራፓኖ በወጉ የሚይዝ ሰው በአንድ ቅዳሜ ይጨርሰዋል። ችግሩ ብዙዎቻችን ከተሳሳተው ጫፍ መጀመራችን ነው። መጀመሪያ የሚያብረቀርቅ መጫኛ እንገዛለን፣ ከዚያ የት እንደምናስቀምጠው ማሰብ እንጀምራለን። ክብደቱን በመጨረሻ የሚሸከመው ግን ክሮም የተቀባው ቱቦ አይደለም። ከሥሩ ያለው፣ ውፍረቱ 1 ሚሊ ሜትር ገደማ የሆነ ላሜራ ነው። ስለዚህ ከላሜራው እንጀምር።

ክዳኑን ከሥር እዩት

የኋላውን ክዳን ክፈቱና በባትሪ ከውስጥ በኩል እዩት። ከላይ ልሙጥ የሆነው ላሜራ ከሥሩ ጎድን የመሰለ ማጠናከሪያ አለው። ማጠናከሪያው የት የት እንደሚያልፍ በወረቀት ላይ ንደፉ። ከዚያ ዝጉትና ከላይ በጣታችሁ አንኳኩ። ማጠናከሪያ ያለበት ቦታ ድፍን ድምፅ ይሰጣል። ባዶው ቦታ እንደ ጣሳ ይጮኻል። የመጫኛው እግር ማረፍ ያለበት ድፍን ድምፅ በሰጠው ቦታ ወይም እዚያው አጠገብ ነው። ጣሳ የሚጮኸው መሃል ላይ ከተከላችሁት መጀመሪያ ላሜራው ይሰረጉዳል። ከዚያ በቡሎኑ ዙሪያ ቀለሙ እንደ ሸረሪት ድር ይሰነጠቃል። ቀጥሎ ውሃ ይገባል፣ ዝገቱም ይከተላል።

ዝገት አስቀድሞ ገብቶ ሊሆንም ይችላል፣ መኪናዋ አሮጌ ናትና። የክዳኑን የታች ጠርዝ በካቻቪቴ ጫፍ ቀስ አድርጋችሁ ጫን ጫን አድርጉት። ከሰመጠ መጫኛው ይቆይ፤ መጀመሪያ ላሜራ ሠሪ ዘንድ ነው የምትሄዱት። ሌላው ፍተሻ ማግኔት ነው። ሌላ ቦታ እየያዘ አንድ ቦታ ላይ ከከዳ፣ እዚያ ከቀለሙ ሥር ስቱኮ ተለስኗል ማለት ነው። ስቱኮ ላይ የታሰረ ቡሎን ዕድሜ የለውም።

ማግኔቱ የትም ካልያዘስ? ክዳኑ አሉሚኒየም ወይም ፋይበርግላስ ነው። በ1962 የወጣችው ሎተስ ኤላንም ሆነች ከ1953 ጀምሮ ያለችው ኮርቬት አካላቸው ፋይበርግላስ ነው። ፋይበርግላስ በሰፊው ሲጫኑት ይችላል፣ በአንድ ነጥብ ሲጫኑት ግን ይሰነጠቃል። ስለዚህ ከሥሩ ሰፊ ጠፍጣፋ ብረት ካላስገባችሁ አትሞክሩት። ሲበሳም ብናኙ ለሳንባ መጥፎ ስለሆነ ጭምብል አድርጉ። አሉሚኒየም ከሆነ ደግሞ የስቴይንለስ ቡሎን በቀጥታ እንዳይነካው አድርጉ። ሁለቱ ብረቶች እርጥበት ባለበት ሲገናኙ አሉሚኒየሙ ይበላል። መሃላቸው የናይለን ሮንዴላ ይግባ።

ሞተራቸው ከኋላ የሆኑት መኪኖች ራሳቸውን የቻሉ ጉዳይ ናቸው። በፖርሽ 356 እና በጥንቶቹ 911ዎች ሞተሩ የሚቀዘቅዘው በአየር ነው፤ አየሩ የሚገባውም በኋላው ክዳን ወንፊት በኩል ነው። እዚያ ላይ ሻንጣ መዘርጋት ሯጭን አፍንጫውን ይዞ ሩጥ እንደማለት ነው። ለእነዚህ የሚሆነው ሻንጣውን ከወንፊቱ በደንብ ከፍ አድርጎ የሚይዝ፣ ለዚያችው መኪና ተብሎ የተሠራ መጫኛ ብቻ ነው። ያም ሆኖ የዘይቱን ሙቀት ዓይናችሁ አይለየው።

የክዳኑ ጎረቤቶች

አሁን ክዳኑን ተዉትና በዙሪያው ያለውን ቁጠሩ። ይህን የተማርኩት በውርደት ነው።

የመጀመሪያዋ መኪናዬ ትራያምፍ ስፒትፋየር ነበረች። የቤንዚን መሙያዋ ከጨርቅ ጣሪያው ጀርባ፣ ከዕቃ ክዳኑ ፊት፣ ልክ መሃል ላይ ነው። መጫኛውን ለክቼ፣ አስተካክዬ፣ አሳምሬ ገጠምኩት። ሻንጣውንም ጫንኩ። ማደያ ደርሼ ስወርድ የሻንጣው አፍንጫ የቤንዚን ክዳኑ ላይ ተኝቷል። ቀበቶውን ፈታሁ፣ ሻንጣውን መሬት አወረድኩ፣ ቀዳሁ፣ መልሼ አሰርኩ። ከኋላዬ ተራ የሚጠብቀው ሰው ጥሩምባውን አልለቀቀውም። ያን መንገድ ሦስት ጊዜ ቤንዚን ቀድቻለሁ፤ ሦስቴም እንደዚያው። ትራያምፍ ቲአር6ም መሙያዋ እዚያው አካባቢ ነው። የኤምጂቢ ባለቤቶች በዚህ አይጨነቁም፣ የእነሱ ከኋላ፣ ከዕቃ ክዳኑ በታች ነው።

የጨርቅ ጣሪያው ሌላው ነው። ጣሪያውን አጥፉትና የታጠፈው ጨርቅ ወደ ኋላ ምን ያህል እንደሚዘልቅ ተመልከቱ። ከዚያ ዘርግታችሁት ድገሙ። የሸራ ሽፋኑን የሚይዙት ቁልፎችም እዚያው ጠርዝ ላይ ናቸው፤ ጣት ሊደርስባቸው ይገባል። ክዳኑን ሙሉ በሙሉ ስትከፍቱት ደግሞ የመጫኛው የፊት ጠርዝ ወደ ጣሪያው ይዞራል። ጨርቁን ወይም የኋላውን የላስቲክ መስኮት ይነካ ይሆን? መጫኛውን ከመግዛታችሁ በፊት ይህን በእንጨት ቁራጭ ሞክሩት።

መብራትም አለ። በ1989 የወጣችው የመጀመሪያዋ ማዝዳ ኤምኤክስ-5 በብዙዎቹ ላይ ሦስተኛ የፍሬን መብራት ክዳኑ ላይ ተቀምጧል። ሻንጣው ይህን ከጋረደ ከኋላ የሚመጣው ሰው አያየውም፤ የትራፊክ ሕግም ላይወደው ይችላል። የኋላ መብራትና ታርጋ መታየታቸውንም አትርሱ።

የቱን ልግዛ?

ሦስት ዓይነት አለ። አንደኛው በቡሎን የሚታሰረው ነው። ክዳኑ ይበሳል፣ መጫኛው ለዘለቄታው ይቀመጣል። ሁለተኛው የክዳኑን ጠርዝ በመንጠቆና በቀበቶ ቆንጥጦ የሚይዘው ነው። አይበሳም፣ በአምስት ደቂቃ ይወልቃል። ሦስተኛው እንደ ቬንቶሳ አየር ጨምቆ ላሜራው ላይ የሚጣበቅ የጎማ እግር ያለው ነው።

ስለ ሦስተኛው ያለኝን ልናገርና ልለፈው። ልሙጥ፣ ንጹሕና ሜዳ የሆነ ላሜራ ላይ በደንብ ይይዛል። ክላሲክ ስፖርት መኪና ላይ ሜዳ የሆነ ላሜራ ከየት ይመጣል? ክዳኖቹ ሁሉ ጎባጣ ናቸው። ፀሐይ ሲመታው ውስጡ የቀረው አየር ይለጠጣል፣ መያዙም ይላላል። የግድ ከሆነ ተጨማሪ ቀበቶ አስሩበት፣ በቆማችሁ ቁጥርም ተጫኑት።

በመንጠቆ የሚያዘው በዓመት ሁለቴ ብቻ ርቆ ለሚሄድ ሰው ጥሩ ነው። መኪናዋ ዋጋዋ ቀለሟ ላይ ከሆነ፣ ቀዳዳ መብሳት ሲታሰብ ሆድ የሚቆርጥ ከሆነ፣ ይኸኛው ይሻላል። ጠላቱ አቧራ ነው። ከጎማው ሥር የገባች አንዲት የአሸዋ ቅንጣት ከ300 ኪሎ ሜትር በኋላ ቀለሙን እንደ ብርጭቆ ወረቀት ፍቃ ታቆያችኋለች። ከመግጠም በፊት ክዳኑን እጠቡ፣ አድርቁ፣ ጎማው የሚያርፍበትን ቦታ በግልጽ መከላከያ ፕላስቲክ ሸፍኑ። መንጠቆው የክዳኑን ጠርዝ ሲቆነጥጥም ዙሪያውን ያለውን የውሃ መከላከያ ጎማ እንዳይጨፈልቀው ተጠንቀቁ። ከተጨፈለቀ በዝናብ ቀን ዕቃችሁ ይዋኛል።

እኔ የማምነው ግን በቡሎን የሚታሰረውን ነው። የቀረው የዚህ ጽሑፍም በአብዛኛው ስለ እሱ ነው። ስትመርጡ ሦስት ነገር እዩ። እግሮቹ ወደ ግራና ቀኝ፣ ወደፊትና ወደኋላ የሚንሸራተቱ ቢሆኑ ይመረጣል፤ ማጠናከሪያው ያለበት ድረስ ልትወስዷቸው ትችላላችሁና። የእግሩ መቀመጫ ሰፊ ይሁን፤ እንደ ሳንቲም ጠባብ የሆነ መቀመጫ ላሜራ ይበሳል። ብረቱ ደግሞ ስቴይንለስ ቢሆን ጥሩ ነው። ክሮም የተነከረ ተራ ብረት አዲስ ሲሆን ዓይን ይስባል፣ ግን ክሮሙ አንዴ ከተጫረ ዝገቱ ከሥር ይሄዳል። ያገለገለ ከገዛችሁ ብየዳዎቹን አንድ በአንድ በጥፍራችሁ ዳሱ። ስንጥቅ ያለው ብየዳ ላይ ነው እንጂ ቱቦው ላይ አይደለም።

ስንት ኪሎ ይችላል?

መጫኛው ከፋብሪካ የተጻፈበት ገደብ ካለ ያ ገደብ ሕግ ነው። ካልተጻፈበት እኔ ሻንጣውንና መጫኛውን ጨምሮ ከ20 ኪሎ አላልፍም። ብዙ ሰው ይህን ሲሰማ ይስቃል። "20 ኪሎ ምን አላት?" ይላል። ምን እንዳላት እናስላ።

የኤምጂቢ የፊትና የኋላ ጎማ መሃል ለመሃል ርቀት 2.31 ሜትር ነው። ሻንጣው ከኋላ አክሰል በስተኋላ በ90 ሴንቲ ሜትር ላይ ተቀመጠ እንበል። 20 ኪሎውን በ0.9 አባዙና ለ2.31 አካፍሉ። 8 ኪሎ ገደማ ይመጣል። ይህ 8 ኪሎ ከፊት ጎማዎች ላይ የሚነሳው ክብደት ነው። የኋላዎቹ ጎማዎች ደግሞ 20 ሳይሆን 28 ኪሎ ተጨመረባቸው። ነገሩ ሚዛን ነው፤ ከኋላ ሲጫን ፊቱ ይነሳል። 8 ኪሎ መሪውን አያጠፋውም፣ ግን 50 ኪሎ ጭናችሁ ብታሰሉት መሪው ለምን እንደሚቀልና ኩርባ ላይ ለምን እንደማይታዘዝ ይገባችኋል። የጥንት ስፒትፋየር ያላችሁ ደግሞ የበለጠ ተጠንቀቁ። የኋላ አክሰሏ የሚወዛወዝ ዓይነት ስለሆነ ክብደት ሲጨመርባት ጎማዎቿ የሚቆሙበት ማዕዘን ይለወጣል።

ስለዚህ ከባዱን ነገር ውስጥ፣ ቀላሉን ላይ። ጫማ፣ መጽሐፍ፣ መፍቻ፣ ውሃ ውስጥ ይግቡ። ልብስና ብርድ ልብስ ላይ ይውጡ።

በካርቶን ተለማመዱ

መጫኛው በእጃችሁ ገብቷል። ትራፓኖውን ገና አትንኩት።

ትልቅ ካርቶን ፈልጉና የመጫኛውን የእግር አቀማመጥ በልኩ ቅረጹበት። አራቱን ቀዳዳዎች ምልክት አድርጉ። የክዳኑን ወርድ ለኩና መሃሉን በወረቀት ፕላስተር ከፊት እስከ ኋላ አስምሩ። የካርቶኑም መሃል ይሰመር። ሁለቱን መስመሮች ገጥሙ፣ ካርቶኑን በፕላስተር ያዙት። ከዚያ አምስት እርምጃ ወደኋላ ሂዱና እዩት። ክላሲክ መኪኖች በእጅ ብዙ የተሠሩ ናቸውና ሜትሩ ልክ ያለው ለዓይን ጠማማ ሊሆን ይችላል። ሜትርና ዓይን ሲጣሉ እኔ ለዓይን እፈርዳለሁ። ከኋላችሁ የሚነዳው ሰው ሜትር አይዝም።

ቀጥሎ ትክክለኛውን ሻንጣ፣ ያንኑ የምትጭኑትን፣ ካርቶኑ ላይ አስቀምጡት። ክዳኑን ክፈቱ፣ ዝጉ። የቤንዚን ክዳኑን ንኩ። ጣሪያውን እጠፉ። የሹፌሩ ወንበር ላይ ተቀመጡና በመሃል ስፖኪዮ ወደ ኋላ እዩ። የሚታየው ሻንጣ ብቻ ከሆነ አጠር ያለ ሻንጣ ያስፈልጋል፣ ወይም የጎን ስፖኪዮ። አሥሬ ለክተህ አንዴ ቁረጥ የሚባለው ለአናጺ ብቻ አይደለም።

መብሳት

የሚያስፈልገው ብዙ አይደለም። ትራፓኖ፣ 3 እና 6.5 ሚሊ ሜትር ፑንታ (የትራፓኖው መብሻ ጫፍ)፣ ሹል ነጥብ መምቻ፣ ክብ ሞረድ፣ ዝገት መከላከያ ቀለም፣ የመኪናዋ ቀለም ጥቂት፣ ሲሊኮን፣ ሰፋፊ ሮንዴላዎች፣ ውስጣቸው ናይለን ያለባቸው የማይፈቱ ዳዶዎች። መነጽር እንዳይረሳ።

አንድ ነገር ስለ ቡሎን። የእንግሊዝ መኪና ከሆነ አሮጌው መጫኛ የሩብ ኢንች ቡሎን ይዞ ሊመጣ ይችላል። ሩብ ኢንች 6.35 ሚሊ ሜትር ነው፤ ከ6 ሚሊ ሜትሩ ጋር በዓይን አይለይም። የሩብ ኢንች ዳዶ በ6 ሚሊ ሜትር ቡሎን ላይ እሰይ ብሎ ይገባል። ሲጠብቅ ግን ጥርሱ ይላጫል። ስለዚህ ከአሮጌው ጋር የመጣውን ትቼ ቡሎንና ዳዶ በአንድ ልክ፣ በአንድ ቀን፣ አዲስ እገዛለሁ። ቡሎኑም ዳዶውም ስቴይንለስ ከሆኑ ጥርሱን ጥቂት ግራሶ ቀቡት። ስቴይንለስ ከስቴይንለስ ሲፋተግ ይጣበቃል። ከዚያ በኋላ የሚያላቅቀው መጋዝ ብቻ ነው።

ዕቃ ማስቀመጫውን ባዶ አድርጉና ወለሉ ላይ ብርድ ልብስ አንጥፉ። ከክዳኑ ሥር የመብራት ሽቦ የሚያልፍ ከሆነ ወደ ጎን ስቡት። ክዳኑን ዝጉት፤ ሲዘጋ ትራፓኖው የሚረግጥበት ጽኑ ነገር ያገኛል። ቀዳዳ የሚሆንበት ቦታ ላይ የወረቀት ፕላስተር ለጥፉ፣ በፕላስተሩ ላይ ምልክት አድርጉ፣ በነጥብ መምቻው በቀስታ አንድ ጊዜ ምቱት። ይህች ትንሽ ጉድጓድ ፑንታው እንዳይንሸራተት ትይዘዋለች። የተንሸራተተ ፑንታ በቀለም ላይ የሚጽፈውን ፊርማ አይቼዋለሁ። አይጠፋም። ፋይበርግላስ ላይ ከሆናችሁ ነጥብ መምቻውን ተዉት፤ ትራፓኖውን መጀመሪያ ወደ ግራ እያዞራችሁ የላይኛውን ልባስ አሳልፉት።

ፑንታው ላይ ከጫፉ 1 ሴንቲ ሜትር ያህል ርቆ ፕላስተር ጠቅልሉበት፤ ያ ማቆሚያችሁ ነው። መጀመሪያ አንድ ቀዳዳ ብቻ፣ በ3 ሚሊ ሜትሩ፣ በዝግታ። ክዳኑን ክፈቱና ከሥር የት እንደወጣ እዩ። ካሰባችሁት ቦታ ከወጣ ሦስቱን ቀጥሉ። ካልወጣ የተበላሸው አንድ የ3 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ ብቻ ነው። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ፤ እዚህ ግን የፈሰሰው አይለቀምም። አራቱ ሁሉ ልክ ሲሆኑ ወደ 6.5 አስፉ።

አሁን የላሜራውን ቅንጥብጣቢ አጽዱ፣ ሁሉንም። በመጥረጊያ፣ በቫኪዩም፣ በማግኔት። በእጅ አትጥረጉት፤ ቀለሙን ይጭራል። አንድ ጊዜ "ነገ አጸዳዋለሁ" ብዬ ተኛሁ። ሌሊት ጤዛ ወረደ። ጠዋት ነጩ ክዳን ላይ እያንዳንዷ ፀጉር የምታክል ቅንጣት የራሷን ቡናማ ነጥብ ሠርታ ጠበቀችኝ። ቁንዶ በርበሬ የተበተነበት ነው የሚመስለው። ለማጽዳት ከመብሳቱ በላይ ጊዜ ወሰደብኝ።

የቀዳዳውን ጠርዝ በሞረድ አለስልሱ። ዝገት መከላከያውን በቀጭን ብሩሽ የቀዳዳው ግድግዳ ላይ ቀቡ፣ ይድረቅ፣ የመኪናዋን ቀለም ደግሙበት፣ እሱም ይድረቅ። እዚህ ላይ ሻይ ጠጡ። ያልደረቀ ቀለም ላይ የሚታሰር ጎማ ሁለት ዓመት ቆይቶ ሲነሳ ቀለሙን ይዞ ነው የሚነሳው።

ማሰር

ማጠናከሪያው ባለበት ቦታ ክዳኑ ሁለት ላሜራ ነው፤ አንዱ ከላይ፣ አንዱ ከሥር፣ መሃላቸው ባዶ። ቡሎኑን ዝም ብላችሁ ካጠበቃችሁ ሁለቱ ላሜራዎች ወደ መሃል ይሳባሉ፣ ከላይ በኩል እንደ እምብርት ጎድጓዳ ነገር ይወጣል። መድኃኒቱ ትንሽ ቱቦ ነው። ቡሎኑን የሚያሳልፍ፣ ውጪው 10 ሚሊ ሜትር የሆነ የብረት ቱቦ ፈልጉ። የታችኛውን ላሜራ ቀዳዳ ብቻ ቱቦው እስኪገባ አስፉት፤ የላይኛውን አትንኩ። ጫፉ የታጠፈ ሽቦ አስገብታችሁ ከላይኛው ላሜራ ሆድ እስከ ታችኛው ላሜራ የውጭ ፊት ያለውን ርቀት ለኩ። ቱቦውን በዚያ ልክ ቁረጡ። አሁን ቡሎኑ ሲጠብቅ ኃይሉን የሚቀበለው ቱቦው ነው፣ ላሜራው አይሳብም። የዚህ ሁሉ ሥራ ቁልፍ ይኸው ነው። ከመጫኛው ጋር በሚመጣው ወረቀት ላይ ግን ሲጻፍ አላየሁም።

አንድ ላሜራ ብቻ ያለበት ቦታ ላይ ደግሞ ከሥር ተራ ሮንዴላ አይበቃም። 2 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው፣ መዳፍ የሚያክል ጠፍጣፋ ብረት ቆርጣችሁ፣ ጠርዙን አድቦልቡላችሁ፣ የክዳኑን ጉብጠት እንዲከተል ትንሽ ጎበጥ አድርጋችሁ አስገቡ። ከላሜራው ጋር በሚነካካበት ፊት ቀጭን ጎማ ይኑረው።

ቅደም ተከተሉ ይኸው። ከላይ የመጫኛው እግር፣ ከሥሩ የጎማ መቀመጫ፣ ከጎማው ሥር በቀዳዳው ዙሪያ ቀለበት የመሰለ ቀጭን ሲሊኮን፣ ከዚያ ላሜራው፣ ከሥር ጠፍጣፋው ብረት ወይም ቱቦውና ሮንዴላው፣ መጨረሻ ዳዶው። ሲሊኮኑን ስትገዙ አሽትቱት። ኮምጣጤ የሚሸት ከሆነ ለዚህ አይሆንም፤ አሲዱ ብረት ይበላል። የማይሸተውን አይነት ጠይቁ።

አራቱንም ቡሎኖች በእጅ ብቻ ያዙ፣ ምንም ሳታጠብቁ። መሃል መስመሩን እንደገና እዩ። ከዚያ በመስቀል አጥብቁ፤ የግራ ፊት፣ የቀኝ ኋላ፣ የቀኝ ፊት፣ የግራ ኋላ፣ ጥቂት ጥቂት። ጎማው በጠርዙ ማበጥ ሲጀምር ቁሙ። ጉልበት እዚህ ጠላት ነው። የ6 ሚሊ ሜትር ቡሎን በአጭር መፍቻና በሁለት ጣት ይጠብቃል። ከዳዶው ሥር የተረፈው ቡሎን ከ2 ወይም ከ3 ጥርስ በላይ ከወጣ ቁረጡት፤ አለዚያ ውስጥ ያለውን ሻንጣ ይተለትላል።

በመጨረሻ ክዳኑን ክፈቱና በሚይዘው ዘንግ ወይም ሞላ ላይ ተዉት። መጫኛው ራሱ ከ4 እስከ 6 ኪሎ ሊመዝን ይችላል። የኤምጂቢ ክዳን በዘንግ የሚቆም ስለሆነ ይችለዋል፣ ዘንጉ በደንብ መግባቱን ብቻ እዩ። በሞላ ወይም በጋዝ የሚቆም ክዳን ግን ክብደቱ ሲጨምር ቀስ ብሎ አናት ላይ ይወርዳል። ሻንጣ ተጭኖበት ደግሞ ምንም ዓይነት ክዳን አትክፈቱ። ማጠፊያዎቹ ለዚያ አልተሠሩም።

ሻንጣው ሲታሰር

ለጭነት መኪና የሚሆነውን፣ በጥርስ እየተንቆራቆረ የሚጠብቀውን ቀበቶ እቤት ተዉት። ያ ነገር ክዳኑን ሳታውቁት ያጎብጠዋል። በእጅ ተስቦ በመቆለፊያ የሚያዝ ተራ ቀበቶ፣ 25 ሚሊ ሜትር ወርድ ያለው፣ ሁለት ካላችሁ ይበቃል። የሚለጠጠውን የላስቲክ ገመድ ብቻውን አትመኑት። ይለጠጣል፣ ንፋስም ይለጥጠዋል፣ መንጠቆው ከተፈተለከ ደግሞ የሚሄደው ወደ ዓይን ነው። ቀበቶዎቹ የሚታሰሩት ከመጫኛው ጋር እንጂ ከፓራውልት ወይም ከክዳኑ ጠርዝ ጋር አይደለም። ረጅም ቀበቶ ሲዘረጋ ንፋስ ያርገበግበዋል፣ ድምፁም እንደ ንብ ይሆናል። አንድ ወይም ሁለት ጊዜ ጠምዝዛችሁ እሰሩት፣ ዝም ይላል። ጫፉንም ቋጥሩት፤ ክዳኑን ሲገርፈው መዋል የለበትም።

የቆዳ ሻንጣ ከሆነ ማጠፊያው ወደ ፊት፣ መቆለፊያው ወደ ኋላ ይሁን። መቆለፊያው መንገድ ላይ ቢከዳ ንፋሱ የሻንጣውን ክዳን ተጭኖ ይዘጋዋል። በተቃራኒው ብታስቀምጡት ንፋሱ ከፍቶ ልብሳችሁን ለመንገደኛ ያድላል። የዝናብ ልብስ ስታለብሱት ደግሞ ከሥር ጭምር ጠቅልሉት። የሚርገበገብ ሸራ ቀለም ይፈገፍጋል።

ንፋስን የሚንቅ ሰው ብዙ ነው። ኃይሉ ከፍጥነት ጋር በእኩል አያድግም፣ በካሬው ነው። ከ80 ወደ 120 ኪሎ ሜትር በሰዓት ስትሄዱ ፍጥነታችሁ አንድ ተኩል እጥፍ ሆነ፣ ሻንጣውን የሚገፋው ንፋስ ግን 2.25 እጥፍ። እኔ ሻንጣ ጭኜ ከ90 አላልፍም። ክላሲክ ስፖርት መኪና በ90 ሲሄድ ደግሞ 150 የሄደ ነው የሚመስለው፣ ስለዚህ የቀረብኝ ነገር የለም።

ከመነሳታችሁ በፊት የኋላ ጎማዎችን ነፋስ ጎማው ሳይሞቅ ለኩና የመኪናዋ መጽሐፍ ለጭነት ከሚለው ጋር አስተካክሉ። ማታ የምትነዱ ከሆነ የፊት መብራቱን ግድግዳ ላይ አብርታችሁ እዩ። ከኋላ ሲወርድ ከፊት ብርሃኑ ይነሳል፣ የሚመጣውንም ሰው ያሳውራል።

የመጀመሪያዎቹ 50 ኪሎ ሜትሮች

50 ኪሎ ሜትር ያህል ሄዳችሁ ቁሙ። ከመጫኛው እግሮች ሥር ያሉት ጎማዎች በክብደቱ ተጨፍልቀው ተቀምጠዋል፣ ዳዶዎቹ ምናልባት ሩብ ዙር ይፈልጋሉ። ቀበቶውም ላልቷል፤ ሻንጣ ውስጥ ያለ ልብስ ይጠቀጠቃል። ሻንጣውን በሁለት እጅ ይዛችሁ ወደ ጎን ነቅንቁት። መኪናዋ አብራ ከተነቃነቀች ጥሩ ነው። ሻንጣው ብቻውን ከተነቃነቀ ቀበቶው ነው። ሻንጣውና መጫኛው አብረው ተነቃንቀው መኪናዋ ከቆመች ግን ዳዶዎቹ ናቸው።

ወደ ቤት ስትመለሱ ክዳኑን ከሥር በባትሪ እዩት። በጠፍጣፋው ብረት ዙሪያ የተሰነጠቀ ቀለም ካለ ጭነቱ በዝቷል ወይም ብረቱ ጠቧል። የውሃ ዱካ ካለ ሲሊኮኑ አልያዘም፤ ያን ቡሎን ብቻ ፈትታችሁ ድገሙት። ከዚያ በኋላ በዓመት አንዴ መጫኛውን ሙሉ በሙሉ አውርዱት። ከእግሮቹ ሥር የሚጠራቀመው አቧራና እርጥበት ጭቃ ሆኖ ይቆያል፣ ዝገትም የሚጀምረው እዚያ ነው። እጠቡት፣ ቀለሙን በሰም ቀቡት፣ ጎማዎቹ ከደረቁ ቀይሩ።

መጫኛውን ለወራት የምታወርዱት ከሆነ አራቱን ቀዳዳዎች በጎማ ውታፍ ድፈኗቸው፤ ከላሜራው ጋር እኩል የሚሆን፣ ጥቁር፣ ከሩቅ የማይታይ አለ። ቡሎኖቹን፣ ቱቦዎቹንና ጠፍጣፋዎቹን ብረቶች በአንድ ብልቃጥ ክተቱና የትኛው የየትኛው እግር እንደሆነ ጻፉበት። ቱቦዎቹ እያንዳንዳቸው በቦታቸው ልክ የተቆረጡ ናቸውና የግራው ለቀኝ አይሆንም።